የሐይቅ ጠዋት በሸራ ላይ፦ ደሴ ስላለ አንድ የሥዕል ቤት

ደሴ ውስጥ ለሳሎን የሚሆን ሥዕል የሚፈልግ ሰው አማራጭ አያጣም። በየፎቶ ቤቱና በየቤት ዕቃ መደብሩ በር ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከተራራው ሥር የእንጨት ቤት፣ ከቤቱ ጎን ፏፏቴ የታተመበት ሸራ ተሰቅሎ ይሸጣል። ዋጋው አይከብድም፤ ፍሬሙም ወርቅማ ነው። እኔ ግን የጦሳን ተራራ በመስኮቱ እያየ የሚኖር ሰው የማያውቀውን በረዶ ግድግዳው ላይ የሚሰቅልበት ምክንያት ፈጽሞ አይገባኝም። በዚያ የበረዶ ተራራ ላይ ከእኛ ማንም ከብት አላሰማራም፣ ማንም ስለት አልተሳለም፣ ማንም ዝናብ አልለመነም። ሌላ መንገድ መኖሩን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ይህን ጻፍኩ። ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጀርባ፣ የምትወዱትን ቦታ ስትነግሯቸው እዚያው ድረስ ሄደው የሚሥሉ አንድ ሠዓሊ አሉ።

የሥዕል ቤቱ ማስታወቂያ የለውም። ሠዓሊውም ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ አልጽፈውም። ሰፈሩ ውስጥ «ሠዓሊው ጋሼ» ብሎ የጠየቀ ሰው አይጠፋበትም።

ወደ እርሳቸው የወሰደኝ የቤታችን ግድግዳ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማርና የአምባሰል ሰው፣ ጠዋት ጠዋት ዳዊት የሚደግም ክርስቲያን ነበር። እናቴ የተሁለደሬ ልጅ፣ ሶላቷን የማታስታጉል ሙስሊም ናት። ለወሎ ሰው ይህ ማብራሪያ አይሻም፤ እንዲህ ያለ ቤት በየሰፈሩ አለ። አባቴ ካረፈ በኋላ ቤቱን አደስነው፤ ሳሎኑም ነጭ ተቀባ። ታላቅ ወንድሜ በዋናው ግድግዳ ላይ ምስለ ፍቅር ወልዳ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ሥዕል፣ እንዲሰቀል ፈለገ። ከእኛ ጋር የምትኖረው የእናቴ እኅት ደግሞ የምትሰግደው እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ፊት ያለው ሥዕል በተሰቀለበት ክፍል ሶላት አይመቻትም። ማንም ማንንም አልተቆጣም። አክስቴ «እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ» አለች፤ ወንድሜ ደግሞ «አክስቴ ወደ ጓዳ ከምትገባ ግድግዳው ባዶውን ይቅር» አለ። ግድግዳውም ባዶውን ቀረ። በመጨረሻ እናቴ ናት የተናገረችው፦ «ለእኔ ከሆነ የምትሰቅሉት ሐይቁን ስቀሉልኝ። ጉልበቴ አልታዘዝ ካለኝ ወዲህ አላየሁትም።»

ቤተ ክርስቲያን ስገባ ከልጅነቴ ጀምሮ የማያቸው ሥዕሎች ተራራ የላቸውም ማለት ይቻላል። ቅዱሳኑ በትልልቅ ዓይኖቻቸው ፊት ለፊት ያዩናል፤ ከኋላቸው ያለው ቢጫ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ሜዳ ቀለም ብቻ ነው። እናቴ መንደር ትይዩ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ ነው። የእርሳቸው የሚባለው ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280 እና በ1281 መካከል የተጻፈ ሲሆን በውስጡ ሥዕሎች አሉት። ወደ ገዳሙ ሴት ስለማይገባ እኔ የማውቃቸው ከፎቶግራፍ ነው። በውሃ ተከብቦ የተሣለ መጽሐፍ ነው፤ ባየኋቸው ገጾች ግን ውሃው የለም። ይህን ለረጅም ጊዜ እንደ ጉድለት ባየውም አሁን ሐሳቤ ሌላ ነው። እነዚያ አባቶች ለጸሎት የመረጡትን ቦታ ተመልከቱ፦ ሐይቅ በውሃ መካከል፣ ግሸን በመስቀል ቅርጽ አምባ ላይ፣ ላሊበላ በዓለት ሆድ ውስጥ። ተራራውና ውሃው የሥዕሉ ቤት ስለነበሩ በሥዕሉ ውስጥ መግባት አላስፈለጋቸውም። በእስልምናውም በኩል እንዲሁ ነው። ዳና፣ ገታ፣ ጀማ ንጉሥ፣ የወሎ ሼኾች ቂርአት (የሃይማኖት ትምህርት) ያስቀሩባቸውና መንዙማ የተዜመባቸው ቦታዎች ሁሉ ከምድሩ ውበት ተለይተው የሚታሰቡ አይደሉም። ዛሬ ግን እኛ የምንኖረው በብሎኬት ግድግዳ መካከል ነው። ተራራውን አንኖርበትም፤ ስለዚህ የመሣሉ ጉዳይ ለእኛ ትውልድ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

የሥዕል ቤቱ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ሸራዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተደግፈዋል፤ ሠዓሊው አንድ በአንድ እየገለበጡ ያሳያሉ። ሐረጎ በጉም ተውጣ፣ የገራዶ ማሳ በመከር፣ ግሸን ከሩቅ፣ ጦሳ በጠዋት፣ ጦሳ በቀትር፣ ጦሳ ዝናብ ሊመጣ ሲል። የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባቋቋሙትና ዛሬ በስማቸው በሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ወደ ደሴ ተመልሰው እዚሁ ቀሩ።

ከሥራ ጠረጴዛቸው በላይ ግን የእርሳቸው ያልሆነ አንድ ሥዕል ተለጥፏል። ከመጽሐፍ የተቆረጠ ገጽ ነው፦ በተራራ ጫፍ፣ በጥድ ዛፎች መካከል የቆመ መስቀል፣ ከኋላው የምትጠልቅ ፀሐይ ጨረር። የጀርመናዊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪሽ ሥራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1808 የተጠናቀቀ ነው። ፍሪድሪሽ ይህን ተራራ ለመሠዊያ በሚሆን ፍሬም ውስጥ አስገብቶ ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ራምዶር የተባለ ሐያሲ በቁጣ ጻፈበት፤ የመልክዓ ምድር ሥዕል ሾልኮ ቤተ ክርስቲያን ሊገባ፣ አልፎም መሠዊያ ላይ ሊወጣ ነው ብሎ። ጋሼ ይህን ሲያጫውቱኝ ሳቄ መጣ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ድሬስደን ላይ የተነሣው ክርክር ከእኛ ሳሎን ክርክር ብዙም አይርቅም፤ ሁለቱም ሰው በሚጸልይበት ቦታ ፊት ለፊት ምን ይሰቀል የሚል ነው። ፍሪድሪሽ ተራራና ጉም ራሳቸው ሰውን ወደ ፈጣሪ ሊያቀርቡ ይችላሉ ብሎ ያመነ ሰው ነበር። የእኛ ሠዓሊም እንደዚያው ያምናሉ፤ ቃሉን ግን እንዲህ አይናገሩትም።

ማሣል የምትፈልጉትን ቦታ ስትነግሯቸው የመጀመሪያው ጥያቄያቸው መጠኑ ወይም ዋጋው አይደለም።

«ቦታው የማን ነው ልጄ?»

«የእናቴ ትውልድ መንደር ነው ጋሼ፤ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ካለው ተረተር ላይ።»

«እናትሽ በስንት ሰዓት ነው የምታስታውሰው?»

መልስ አልነበረኝም። እዚያው ሆኜ ደወልኩላት። እናቴ ሳታመነታ «ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ ነዋ። ፀሐይ አምባሰልን ነክታ፣ እኛ ጋ ገና ሳትደርስ» አለች። ሠዓሊው ይህን በእርሳስ ጻፉት፤ ሰዓቱ በዚህ ተወሰነ። አምባሰል ከሐይቁ በስተምዕራብ ነው፤ ከምሥራቁ ተረተር በላይ የምትወጣ ፀሐይ ረጃጅሞቹን ገደሎች ቀድማ ታበራቸዋለች፤ ከታች ውሃው ገና ጥላ ውስጥ ነው። እናቴ የሥዕሉን ዋና ነገር፣ ብርሃኑንና ጥላውን፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር አዘዘችው ማለት ነው።

በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ብቻ ይዞ ለመጣ ሰው አይሠሩም። ምክንያታቸውን ሲያስረዱ አምኛቸዋለሁ፦ የስልክ ካሜራ የሩቁን ተራራ ያሳንሰዋል፤ ሰማዩ እንዲታይ ካደረገ ምድሩን ያጨልማል፤ ምድሩን ካበራ ሰማዩን ያነጣዋል። ዓይን ግን ሁለቱንም አቻችሎ ያያል። ወቅቱንም እርሳቸው ናቸው የሚመርጡት። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ ይወዱታል፤ ክረምቱ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ሩቅ ያለው ተራራ እንኳን ጠርዙ ይለያል። በጋው ሲጸና ከቆላው በኩል የሚነሣው አቧራ ምሥራቁን ሁሉ ያገረጣዋል። ለ60 በ90 ሳንቲሜትር ሥዕል የተስማማነው በ12,000 ብር ነው፤ ግማሹ ቀብድ፣ የመጓጓዣ ወጪ በአሠሪው። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መጓጓዣው ብዙ አልነበረም። ማደሪያቸው ደግሞ አጎቴ ቤት ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከአጎቴ ነው። ሠዓሊው በደረሱ ማግሥት አጎቴ ደወሉልኝ።

«የእኅቴ ልጅ፣ እንግዳሽ ደኅና ናቸው። ግን ከሱብሂ ጀምረው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ። ቀለም አላወጡም፣ እርሳስ አላነሡም። ያማቸዋል እንዴ?»

በሁለተኛውም ጠዋት እንዲሁ ተቀምጠው ነበር። አጎቴ ቡና ይዘውላቸው ሄደው አብረዋቸው ተቀመጡ። ኋላ የነገሩኝ ይህን ነው፦ «ስልሳ ዓመት ያየሁት ውሃ ነው። ከእርሳቸው ጋር ስቀመጥ ግን ጉሙ ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ሱብሃነላህ እያልኩ ነው የዋልኩት።» ሠዓሊውን ስለዚህ ስጠይቃቸው የመለሱልኝ አጭር ነው፦ «መጀመሪያ መቀመጥ ነው። ሥዕሉ ኋላ ይመጣል።» ሃይማኖታቸውን አልጠየቅኋቸውም፤ ስማቸውም እንደ ብዙ ወሎዬ ስም ለሁለቱም ይሆናል። ግን አንድ ሰው ሲጸልይ የማውቀውን ያህል ይህ ጸሎት መሆኑን አውቃለሁ። ዳዊት ዓይኑን ወደ ተራሮች አነሣ፤ ቁርአንም ሰማይ እንዴት ከፍ እንዳለ፣ ተራሮች እንዴት እንደተተከሉ አትመለከቱምን ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም መጻሕፍት አስቀድመው የሚያዙት ማየትን ነው። ገበያ ላይ ያለው የበረዶ ተራራ የጎደለው ይህ ይመስለኛል፦ የሣለው ሰው አልተቀመጠበትም።

አሁን ስለ ሥዕሉ ራሱ ልናገር። ከላይ ያለው ሲሦ የአምባሰል ገደል ነው፤ የጠዋት ፀሐይ የነካው ክፍል የደረሰ ማሽላ ይመስላል፤ ስንጥቆቹ ውስጥ ያለው ጥላ ግን ጥቁር ሳይሆን ወደ ሐምራዊ ያደላ ሰማያዊ ነው። ከገደሉ ኋላ ያሉት ተራሮች እየራቁ ሲሄዱ እየሳሱና እየሰማዩ ይሄዳሉ። በእኛና በተራራው መካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከሌላው አብልጦ ስለሚበትነው ሩቅ የሆነ ነገር ሁሉ ሰማያዊ ይለብሳል፤ ይህን ማንም ሠዓሊ ይማረዋል። እርሳቸው ግን የመጨረሻውን ተራራ ከሰማዩ ሊለዩት ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ አሳስተውታል፤ ዓይን ተራራው የት እንዳለቀ ሲፈልግ ራሱን ሰማይ ውስጥ ያገኘዋል። ከሥዕሉ ሁሉ የምወደው ይህን ቦታ ነው። ወንበር ስቤ ስቀመጥ የማየው እሱን ነው።

መሐሉ ውሃው ነው። አንድ ወጥ ሰማያዊ እንዳይመስላችሁ። ከገደሉ ሥር ያለው የገደሉን ብርሃን ተቀብሎ ሞቅ ብሏል፤ ወደ እኛ የቀረበው ጥላ ውስጥ ስለሆነ አረንጓዴው ጠቁሯል። በሁለቱ መካከል ቀጭን የጉም መስመር አለ፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ከዚያ ጉም በላይ ብቅ ብለዋል። ሕንፃውን ለይተው አልሣሉትም። ከእኛ ወገን ባለው ዳገት ላይ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ብርሃን ይዟል፤ የማን ቤት እንደሆነ አይታወቅም። ሰው የለም፣ ከብት የለም፣ ወፍ የለም። አንዲት የእግር መንገድ ወደ ውሃው ትወርዳለች።

ዳገቱን ደግሞ እንዳለ ነው የሣሉት። እርከኑ አለ፣ ጎርፍ የቦረቦረው ቀይ አፈር አለ፣ የተራቆተው ጎን አለ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የወሎ ምድር በዓለም ዓይን የታወቀው በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ በተነሡ ፎቶግራፎችና ፊልሞች ነው። እነዚያ ምስሎች እውነት ናቸው፤ ዘመዶቻችንን ያጣንበት እውነት ነው። ነገር ግን ምድራችን ከዚያ በኋላ በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የሞት ሥፍራ ብቻ ሆና ቀረች። ያንን ለማስረሳት ብለው ሁሉን ለምለም አድርገው የሚሥሉ አሉ፤ እሱም ሌላ ሐሰት ነው። የእኛ ሠዓሊ ቁስሉንም ብርሃኑንም በአንድ ሸራ ላይ አኑረዋል፤ የተቦረቦረው አፈር ላይ ያረፈው ብርሃንና አምባሰል ላይ ያረፈው ብርሃን አንድ ነው። ይህን ሳይ የሚሰማኝ ምስጋና ነው፤ ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም።

ከሸራው ጀርባ በእርሳስ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ጽፈውበታል፦ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ጉም ከውሃው ላይ ወደ ሰሜን»። እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1821 እና በ1822 ሎንዶን አጠገብ ሰማይንና ደመናን ብቻ ሲሥል ከሥዕሎቹ ጀርባ እንዲሁ ሰዓትና ነፋስ ይጽፍ ነበር። ጋሼ ከእርሱ ነው የወሰዱት። ያ ጠዋት እውነት ነበር የሚል ምስክርነት ስለሆነ ፍሬም አስገቢው በካርቶን ሊሸፍነው ሲል ከለከልኩት።

ጉድለቶቹንም ሳልሸሽግ ልጻፍ። አንደኛውና ለእኔ ከባዱ ከሥዕሉ ግርጌ ያለው ነው። ሣሩና ድንጋዩ በአንድ ዓይነት አጭር የብሩሽ ምት ተሞልቷል፤ ድንጋዮቹ ሁሉ አንድ ቡናማ ናቸው። ሰማዩ ላይ ያን ያህል የታገሡ እጆች እዚህ ላይ ቸኩለዋል። ስነግራቸው «ዓይን እዚያ እንዲቀር ስላልፈለግሁ ነው» አሉኝ። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልተቀበልኩትም። ያቺ የእግር መንገድ እናቴ እንስራ አዝላ የወረደችባት ናት፤ ለእሷ የሥዕሉ በር ናት፤ በሩ ደግሞ እንደ ሰማዩ መሠራት ነበረበት።

ሁለተኛው ቀጠሮ ነው። ለታኅሣሥ ቃል የተገባው ሥዕል እጄ የገባው ከጥምቀት በኋላ ነው። ምክንያቱ ተገቢ ነበር፤ የዘይት ቀለም በብርድ ጊዜ ቶሎ አይደርቅም፤ የደሴን የታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ማንም ያውቀዋል። ሆኖም ደንበኛ ሊነገረው ይገባል። ለሥራ ሲወጡ ስልካቸው ዝግ ነው፤ መልእክት የሚቀበል ሰውም የለም። ደረሰኝ ስለማይሰጡ በመሥሪያ ቤት ስም ለማሠራት የሚያስብ ይቸገራል። ሦስተኛው ፍሬሙ ነው። ፍሬሙን የሚሠራላቸው ሌላ አናጢ ሲሆን በደንብ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ተጠቅሞበት አንዱ ማዕዘን ከጊዜ በኋላ ተከፈተ። እኔ በደረቅ ዋንዛ እንደገና አሠራሁት። ሥዕሉን ያለ ፍሬም ተቀብላችሁ ፍሬሙን በምታምኑት አናጢ ብታሠሩት ይሻላል፤ ዋጋም ይቀንሱላችኋል።

የሥዕል ቤቱ ብርሃን ማነስም ያስቸግራል። ሥዕሉን ስትረከቡ ደጅ አውጥታችሁ እዩት፤ እርሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

ስለ ዕቃው ጥራት ግን ቅሬታ የለኝም። ሸራው በወፍራም ነጭ ቅብ በደንብ የተዘጋጀ ነው፤ ቀለሙ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የዘይት ቀለም ነው። ይህን ቀለም የሚይዘው የተልባ ዘይት መሆኑን ሳውቅ ገርሞኛል፤ ጓዳችን ውስጥ ያለችው ተልባ ናት። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ላዩ ደርቆ ውስጡ ወራት ሊወስድ ስለሚችል መከላከያው ቫርኒሽ ቢያንስ ስድስት ወር ቆይቶ ነው የሚቀባው። ለዚህ ተመልሳችሁ ስትመጡ ተጨማሪ አያስከፍሉም። የወሎ ቤት ቡናና ዕጣን አያጣምና ረከቦት ከሥዕሉ ሥር አታድርጉ፤ ጭሱ ዓመት በዓመት ሰማዩን ያጠቁረዋል። እኛ ሥዕሉን ከመስኮቱ ትይዩ ካለው ግድግዳ አንሥተን ወደ ጎን አዛውረነዋል፤ ቀጥተኛ ፀሐይም ለቀለም ጥሩ አይደለም።

የተሰቀለ ዕለት አክስቴ ረዘም ላለ ጊዜ ቆማ መረመረችው። ጥያቄዋ ሩሕ ያለው ነገር አለበት ወይ የሚል ነበር። እንስሳም ሰውም እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ የሰፈራችንን ሼኽ ጠየቀች። እሳቸውም ዛፍና ተራራ፣ ነፍስ የሌለው ነገር ሁሉ፣ ችግር የለበትም አሏት። ከዚያ ወዲህ እዚያው ሳሎን ትሰግዳለች። ወንድሜ ምስለ ፍቅር ወልዳን መኝታ ቤቱ ሰቅሎ ነው የሚጸልየው፤ «ተራራ ለእኔ እናት አይሆነኝም» ይላል፤ መብቱ ነው። ሆኖም እሁድ ከቅዳሴ ሲመለስ ጋቢውን ሳያወልቅ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። እናቴ ስታየው የተናገረችው ስለ ውሃው አልነበረም። «የዚያች ጣሪያ ባለቤት ማን ይሆን?» ብላ ጀመረችና የጎረቤቶቿን ስም ከነልጆቻቸው ቆጠረችልን፤ ግማሾቹን ሰምተናቸው አናውቅም ነበር። በ11ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቻይናዊ ሠዓሊ ጉዎ ሺ የመልክዓ ምድርን ሥዕል ጥቅም ሲያስረዳ፣ በቤተሰብና በሥራ ግዴታ ታስሮ ወደ ተራራ መሄድ ላልቻለ ሰው ተራራውን ቤቱ ያመጣለታል ብሎ ነበር። ጉልበቷ ለታመመ ሴትም እንደሚሠራ በቤታችን አይቻለሁ።

ይህ ሥዕል ቤት ለማን ይሆናል? ለሠርግ ስጦታ በሚቀጥለው ሳምንት ሥዕል ለሚፈልግ አይሆንም። የሰው ፊት፣ የልጆች ፎቶግራፍ ወይም ንግሥ ለማሣል የሚፈልግም ሌላ ሠዓሊ ይፈልግ፤ እርሳቸው ተራራ፣ ውሃ፣ ዛፍና ሰማይ ብቻ ነው የሚሥሉት። ውጭ አገር ላለ ዘመድ ወይም እንደ እናቴ ወደ ቀዬው መመለስ ላልቻለ ሰው ግን ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አላውቅም። አቅም ለሚያንሰው በውሃ ቀለም የሠሯቸው በወረቀት ላይ ያሉ ትንንሽ ሥዕሎች አሏቸው፤ ከ1,500 ብር ጀምሮ ይሸጣሉ። ከእነሱ መካከል ሐረጎን በጉም የሣሉባቸው በእኔ ፍርድ ከትልልቆቹ የዘይት ሥዕሎች አይተናነሱም። የውሃ ቀለም መልሶ ማረም ስለማይቻል ችኮላቸውም ሆነ ትዕግሥታቸው እዚያ ላይ ተስማምተዋል፤ በአንድ ሰፊ ምት ተራራውን ከጉም ያወጡታል። በመስታወት ሥር ማስገባት ግድ ነው።

መስከረም 21 ለግሸን ንግሥ ስለሚሄዱ በዚያ ሰሞን ሥዕል ቤቱ ዝግ ይሆናል። ለመጪው የጥቅምትና የኅዳር ወቅት ትእዛዝ የሚቀበሉት ከነሐሴ ጀምሮ ነው፤ በአንድ ወቅት ከጥቂት ቦታ በላይ ስለማይሄዱ ዘግይቶ የመጣ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀጠራል። እኔ ለወንድሜ የአባታችንን መንደር፣ ከአምባሰል ማዶ በኩል፣ ለማሠራት ቀብድ ከፍያለሁ። ሰዓቱን ወንድሜ ራሱ መርጧል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ከብት ሲገባ። የእግር መንገዱና የግርጌው ሣር እንደ ሰማዩ በትዕግሥት እንዲሠራም በጽሑፍ አስይዣለሁ፤ ሠዓሊውም ሳይቀየሙ ፈርመውልኛል።